ከዓድዋ በኋላ ማን ይጠየቅ? ስለ አዛዦቹና ስለ ዲፕሎማቶቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካቲት በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ለቅሶ ድንኳን ስር ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። «ምኒልክ ለምን መረብን አልተሻገሩም?» ይላል አንዱ። «በባዶ ሆድ የት ድረስ ይሂዱ?» ይላል ሌላው። ከዚያ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ሲኒው ይቀዘቅዛል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ክርክሩ መጋጋሉ ሳይሆን ባዶ እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ጽፌያለሁ። ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ መከራከሩ ምን ይጠቅማል?

የዓድዋ ውጤት ዛሬም ካርታ ላይ አለ። ከመረብ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሰዎች በሁለት አገር የሚኖሩት በዚያ ዘመን በተፈረሙ ወረቀቶች ነው። የፈረሙትን ሰዎች መጠየቅ ሙት ወቃሽነት አይመስለኝም።

ባራቲየሪ ለምን ተከሰሰ?

ጄኔራል ኦሬስቴ ባራቲየሪ የኤርትራ ገዢና የጣሊያን ጦር አዛዥ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ዓድዋ ላይ ገጠመ። ከሰዎቹ 10,600 ያህሉ ጣሊያኖች፣ የቀሩት በአብዛኛው የኤርትራ አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን ያደሩ የአገሬው ወታደሮች ነበሩ። ከቀትር በኋላ ያ ጦር ጦር መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከአራቱ የብርጌድ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ ኤሌና ቆሰለ።

ባራቲየሪ ራሱ ተርፎ ወደ ኤርትራ ሸሸ። በዚያው ዓመት በሰኔ አስመራ ላይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር ለማጥቃት ወስኗል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በውጊያው ቀን ከቀትር ጀምሮ እስከ የካቲት 25 ጠዋት ድረስ አዛዥነቱን ጥሎ ጦሩን ያለ ትእዛዝ ትቷል የሚል ነው።

ሰኔ 8 ፍርዱ ተሰማ። ነጻ ወጣ። ግን ነጻ ያወጡት ዳኞች እዚያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመሩበት። ነገሩ በዚያ ክብደት ላይ እያለ አዛዥነቱ ከጉዳዩ እጅግ ባነሰ ጄኔራል እጅ መውደቁ እንዳሳዘናቸው ገለጹ። እኔ ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስባለሁ። ወንጀል የለበትም፣ ግን ቦታው የእሱ አልነበረም ማለት ነው። ለአንድ ወታደር ከእስር የሚከብድ ይመስለኛል።

ታዲያ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነበር?

አይደለም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የዚያን ሳምንት ነገር ጠጋ ብለን እንየው። ባራቲየሪ ሳውሪያ ላይ ሰፍሯል። ስንቁ የቀናት ዕድሜ ብቻ ቀርቶታል። የካቲት 18 ቀን ከጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም ደረሰው። የያዝከው ጦርነት ሳይሆን ወታደራዊ የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚል ስድብ ነበረበት። ሮም በጎን ሌላ አዛዥ፣ ጄኔራል ባልዲሴራን፣ በምስጢር ሾማ ነበር።

የካቲት 21 ጄኔራሎቹን ሰበሰበ። ወደ ኋላ ብንመለስስ አላቸው። አልተቀበሉትም። መመለስ ውርደት ነው፣ እንግጠም አሉ። በማግስቱ ማታ ጦሩ በጨለማ ተንቀሳቀሰ።

በእጃቸው የነበረው ካርታ በችኮላ የተነደፈ ንድፍ ነው። ኪዳነ ምሕረት የሚለው የኮረብታ ስም የተጻፈው በተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር። አልቤርቶኔ ወደ ታዘዘበት ሲደርስ መንገድ የሚያሳዩት ሰዎች እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት ነው አሉት። እውነታቸውን ነው። ሄደ። ብዙ ኪሎ ሜትር ከሌሎቹ ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ጦር እቅፍ ውስጥ ገባ። ዳቦርሚዳ ሊደግፈው ተልኮ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ፈነገጠ። አንዱ ሌላውን ሊያግዝ በማይችልበት ሁኔታ ተራ በተራ ተመቱ።

በዚህ ላይ የባሻ አውአሎም ሥራ አለ። ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ ያቀበለ የእኛ ሰው ነው።

እንግዲህ ጥፋቱን አካፍሉ። የሚሳደብ ጠቅላይ ሚኒስትር አለ፣ በጉራ የሚገፉ ጄኔራሎች አሉ፣ የተሳሳተ ካርታ አለ፣ የሐሰት ወሬ አለ። አስመራ ላይ የቆመው ግን አንድ ሰው ነው። እኔ ለባራቲየሪ ለማዘን አልጽፍም። አገር ሊወር የመጣ ሰው ነው። ግን በልቡ ተመለስ ተመለስ እያለው ስድብ ፈርቶ ሺዎችን ወደ ሞት መንዳቱ ዋናው ጥፋቱ ይመስለኛል፤ ይህ ደግሞ በክሱ ላይ በቅጡ አልተጻፈም።

ክሪስፒስ ተጠየቀ?

በጎዳና ተጠየቀ፣ በፍርድ ቤት አልተጠየቀም። ወሬው ሮም ሲደርስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። «ምኒልክ ይኑር!» ያሉ ጣሊያኖች ነበሩ። በቀናት ውስጥ መንግሥቱ ወደቀና ሩዲኒ ተተካ። አዲሱ መንግሥት የጦርነቱን ደብዳቤዎችና ቴሌግራሞች «አረንጓዴ መጽሐፍ» በሚባለው የመንግሥት ሰነድ አሳተመ። እኛ ዛሬ ስለ ስድቡ ቴሌግራም የምናወራው ወረቀቱ ስለወጣ ነው። በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ልማድ አለመኖሩ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የትርጉም ስህተት ነበር ወይስ ማታለል?

የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን በኩል የያዘው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነበር። የእኛ አስተርጓሚ ግራዝማች ዮሴፍ ነበሩ።

ጠቡ ያለው በአንድ ግስ ላይ ነው። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ነው። የጣሊያንኛው ቅጂ ደግሞ በጣሊያን በኩል ሊላላኩ ተስማምተዋል የሚል ነው። መብት የነበረው ግዴታ ሆነ። በጥቅምት 1882 መጀመሪያ ላይ ጣሊያን ይህን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። የኢትዮጵያ ሞግዚት እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

ምኒልክ ጉዳዩን ያወቁት በመልስ ደብዳቤ ነው። መንገሣቸውን ለእንግሊዝና ለጀርመን ጻፉ። የመጣው መልስ በጣሊያን በኩል ይሁን የሚል መንፈስ ነበረው። ደብዳቤው ሲነበብላቸው የነበረውን ፊት ማየት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሆነው ደብዳቤ ይልካሉ፣ መልሱ ግን ሞግዚትህን ጥራ ይላል።

ስህተት ነው ወይስ ተንኮል? እኔ ተንኮል ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ልናገር። አንቶኔሊ ትናንት የመጣ እንግዳ አልነበረም። ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ ቤተ መንግሥቱን የለመደ ሰው ነው። ደግሞም ስህተት ቢሆን ልዩነቱ ሲነገረው ያርመው ነበር። አላረመውም። ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ቃል ይዞ ተሟገተ። ቃሉ ይታረም ሲባል የአገሬ ክብር ይነካል አለ። እቴጌ ጣይቱ የእኛም አገር ክብር አላት ብለው ፊት ለፊት የተጋፈጡት ያኔ ነው።

በ1883 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ስሙ። አንቶኔሊ ስምምነት ተደረሰ ብሎ የአማርኛውን ወረቀት ፈረመ። አንቀጽ 17 እንዳለ የሚቆይ መስሎታል። በኋላ ሲተረጎም አንቀጹ ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ። ተቆጣ፣ ተነስቶ ሄደ። በቃል የመጣ በቃል ተመለሰ። በየካቲት 1885 ምኒልክ ውሉን እንደማይቀበሉት በይፋ ለአውሮፓ አስታወቁ።

አንቶኔሊ ግን ለዚህ ሥራው አንድም ፍርድ ቤት አልቀረበም። ሺህ ሰው ያስጨረሰ ጄኔራል ይከሰሳል፤ ጦርነቱን በብዕሩ የጀመረ ዲፕሎማት አይከሰስም። ይህ በጣሊያን ብቻ የታየ ነገር ቢሆን ጥሩ ነበር።

በእኛ በኩል የፈረሙትስ? እነሱ አይጠየቁም?

ይጠየቁ እንጂ። አንቀጽ 17 ስሙ ስለገነነ ሌሎቹን አንቀጾች ከለላቸው። የውጫሌው አንቀጽ 3 ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን ለጣሊያን የሚያስቀር ነው። ይህ በትርጉም ስህተት የመጣ አይደለም።

ደጃዝማች መኮንን (በኋላ ራስ) ጣሊያን ድረስ ሄደው በመስከረም 1882 ተጨማሪ ስምምነት ፈርመዋል። 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፣ ለዚህም የሐረር ጉምሩክ መያዣ ሆነ። ድንበሩ ደግሞ ሁለቱም ወገን በእጃቸው ባለው ይዞታ ይስተካከል ተባለ። እሳቸው ባሕር ማዶ ሳሉ የጣሊያን ጦር ደጋውን እየወጣ ነበር። አስመራን ይዟል። ስለዚህ «ይዞታ» የምትለዋ ቃል በየሳምንቱ ትርጉሟ እየሰፋ ነበር።

ያን ጊዜ ምን ነበር ብለን ካልጠየቅን ግን አንፈርድም። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ወራት ነው። ዙፋኑ አልተረጋጋም። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ ክፉ ቀን ገብቷል። ምኒልክ መሣሪያና እውቅና ይፈልጋሉ። ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ልክ ነው ማለት አይደለም። ትግራይ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስታነሳ ሰው ዛሬም ፊቱ ይለወጣል፤ የሚለወጥበት ምክንያት አለው።

የመቀሌው ምሽግ ጦር ለምን መሣሪያውን ይዞ ተለቀቀ?

ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ ራስ መኮንን የማጆር ቶዘሊን ጦር ከደመሰሱ በኋላ የማጆር ጋሊያኖ ጦር መቀሌ ምሽግ ውስጥ ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ተያዘ። ጥም ሊገድላቸው ሲል በድርድር በጥር ወጡ። ምኒልክ በሰላም ሸኟቸው፤ የጭነት እንስሳም ሰጧቸው።

ብዙ አዛዦች ያኔም አጉረምርመዋል። ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓድዋ ላይ እንደገና ተዋጊ ሆኖ መጣ፤ እዚያው ሞተ። ስለዚህ ተቺዎቹ ባዶ አይናገሩም። በሌላ በኩል ምኒልክ ያን ጊዜ ገና ሰላም ይፈልጉ ነበር። ምሽጉን በሰው ደም ከመያዝ ተርፈዋል። የጣሊያንን ጦር እያጀቡም ጦራቸውን ወደ ዓድዋ አዙረዋል። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ።

ምኒልክ ከድሉ በኋላ ለምን መረብን አልተሻገሩም?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሆድ። መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሰው፣ ከዚያ ላይ በቅሎና ፈረስ፣ ለወራት ትግራይ ላይ ሰፍሯል። ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው። የዚያ አገር ገበሬ ከራሱ ያልተረፈውን ለሁለት ጦር አካፍሏል። ይህን ሳንናገር ዓድዋን ስናወድስ የገበሬውን ጎተራ እንረሳለን። ጣሊያኖች ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሡ ኖሮ የኢትዮጵያ ጦር በረሃብ ይነሳ ነበር የሚለው ግምት ቀላል ግምት አይደለም።

ሁለተኛ ቁስለኛ። በእኛ በኩልም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል፤ የቆሰለው ከዚያ ይበዛል። ሐኪም የሚባል ነገር ከስም በላይ አልነበረም። ቁስለኛውን የሚሸከመው ጓደኛው ነው።

ሦስተኛ ጠላት አላለቀም። ባልዲሴራ ምፅዋ ደርሷል፤ ከጣሊያን ትኩስ ጦር በመርከብ እየገባ ነበር። አዲግራት ምሽግ ውስጥ ገና የጣሊያን ጦር አለ። ክረምቱም ሩቅ አልነበረም።

አራተኛው ፖለቲካ ነው፤ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ሮም ውስጥ የተቃወመው ሕዝብ ጦሩ ከአፍሪካ ይውጣ ይል ነበር። ምፅዋ ቢደፈር ያ ድምፅ ለበቀል ይለወጥ ነበር ብሎ መስጋት ሞኝነት አይደለም። እንግሊዝም ሱዳን አጠገብ ናት።

አሁን ደግሞ የተቺዎቹን ቃል ልስማ። ባራቲየሪ ሲሸሽ ከኋላው የተደራጀ ጦር አልነበረም። ራስ አሉላ ያን ደጋ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ቢያንስ ደጋውን፣ ቢያንስ አስመራን መያዝ ይቻል ነበር ይላሉ። በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባው ውል ሲፈረም ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች፣ ውጫሌ ተሻረ፣ መረብ፣ በለሳ፣ ሙና የሚለው መስመር ግን ለጊዜው እንዳለ ቆየ። ለጊዜው የተባለው በሐምሌ 1892 በሌላ ውል ቋሚ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የደ ቦኖ ጦር የተሻገረው ያንኑ መረብን ነው።

የእኔ አቋም? በመጋቢት 1888 ወደ ፊት አለመሄዳቸውን አልኮንንም። የተራበ ጦር ይዞ ወደ ምሽግና ወደ ባሕር መሄድ ባራቲየሪ የሠራውን መድገም ነበር። የምጠይቀው የጥቅምቱን ነው። ያኔ ምርኮኛው በእጅ ነበር፣ ጣሊያን ተዋርዳ መጥታለች፣ ክረምቱ አልፏል። ከጠረጴዛው ላይ ከዚያ በላይ አይገኝም ነበር ወይ? ይህን ስጠይቅ አንዳንድ ወዳጆቼ ምኒልክን ነካህ ብለው ይቀየሙኛል። አልነካኋቸውም። በጦር ሜዳ ላይ ያደረጉትን ስለማከብር ነው ወረቀቱን የማየው።

ምርኮኞቹ ጣሊያኖች ተሸጡ የሚባለው እውነት ነው?

«ተሸጡ» የሚለው ቃል ልክ አይደለም። 1,900 ያህል ጣሊያኖች ተማርከው ብዙዎቹ እስከ ሸዋ ተጉዘዋል። ከውሉ በኋላ ጣሊያን ለቆይታቸው ወጪ ተብሎ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፍላለች። በአብዛኛው በደህና ተይዘዋል። ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ ራሱ ያማል።

እኛ የራሳችንን አዛዦች ለፍርድ አቅርበን እናውቃለን?

እንደ አስመራው ያለ ችሎት በዓድዋ ጊዜ አልነበረም። የእኛ ችሎት ግብር (የቤተ መንግሥት ግብዣ) ላይ ነው። የሠራ ይሾማል፣ ያጠፋ ይሻራል። ፎካሪው ግዳዩን ይቆጥራል፣ አዝማሪው ያወድሳል ወይም በሰም ለበስ ይወጋል። ፊታውራሪ ገበየሁ አምባላጌ ላይ ያለ ትእዛዝ ውጊያ ጀመረ ተብሎ ታስሮ እንደነበር ሲተረክ ኖሯል። የታሰረው ሰው ዓድዋ ላይ ከፊት ሆኖ ሞተ። ዛሬ ስሙን የምናነሳው በጀግንነቱ ብቻ ነው። መታሰሩንም ማንሳት አለብን፤ ለሥርዓት የሚያስብ አዛዥ በጦራችን ውስጥ እንደነበር ያሳያልና።

ይህ የግብር ችሎት አንድ ጉድለት አለው። የቀረውን ጥያቄ አይጽፍም። ቃል ነውና ከሰሚው ጋር ይሞታል።

ስለ ተማረኩት አስካሪዎች ለምን ብዙ አይወራም?

ስለሚያሳፍረን ነው።

ከውጊያው በኋላ 800 ያህል የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከሃዲ ናቸው ተብለው ነው። በአገሩ ሕግ የከዳ ቅጣት እንዲያ ነበር። ብዙዎቹ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። ምኒልክ አልፈለጉም፣ መኳንንቱ ገፋፉ የሚሉ አሉ። ማን ገፋፋ በሚለው ላይም ጣት መጠቋቆም አለ። እኔ የምለው አጭር ነው። ያ ፍርድ በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ተፈጸመ። ጣሊያኑ ተከብሮ ሸዋ ሲወርድ፣ ሐማሴኑና አካለ ጉዛዩ በገዛ ቋንቋው እየለመነ ተቆረጠ። ብዙዎቹ ለጣሊያን ያደሩት በዚያው በክፉ ቀን ለእንጀራ ነው፤ አገራቸውንም በውል የሰጠናቸው እኛ ነን።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኤርትራ ውስጥ ይህ ታሪክ በየቤቱ ሲነገር ኖሯል። እኛ ጋ ግን በየካቲት 23 ዝግጅት ላይ ሲነሳ አልሰማሁም።

የተረፉት አንድ እጅና አንድ እግር ይዘው፣ በዱላ እየተደገፉ፣ ወደ ሰሜን ተመለሱ። በሰኔ ባራቲየሪ አስመራ ላይ ሲከሰስ እነሱም በዚያው አገር ነበሩ። የክሱ ወረቀት የጄኔራሉን ሰዓት ከውጊያው ቀን ቀትር እስከ የካቲት 25 ጠዋት ድረስ ቆጥሮ አስፍሯል። ስለ እነሱ ግን አንድም ክስ አልነበረበትም።